የማይጠማ መንገደኛ

በዘመናችን ጥንታዊ ሸለቆዎችንና የገጠር መንደሮችን በብስክሌት እየዞሩ ማየት በብዙ አገሮች የተለመደ የዕረፍት ጊዜ ተግባር ሆኗል። ይልቁንም ብስክሌቱ ባትሪና ትንሽ ሞተር ከተጨመረለት ወዲህ፣ ጉልበቱ የደከመ አዛውንትም ሆነ ዳገት የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ ጭንቀት ተራራ ይወጣል። በአገራችንም መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተሽከርካሪ ለዓይን እንግዳ መሆኑ እየቀረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) እንግዲህ ይህ ብስክሌት ዛሬ ባይሆን ነገ በወልቂጤና በቡታጅራ መንገዶች፣ ከዚያም አልፎ በየመንደሩ ጀፎረ ላይ መታየቱ አይቀርም። ጎብኚ ይዞት ይመጣል፤ የአገሩ ልጅ ከአዲስ አበባ ለመስቀል ሲገባ ይዞት ይመጣል፤ ምናልባትም ከሩቅ መንደር መንደር በእግሩ ለሚመላለስ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይሰጥ ይሆናል። ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት ልናስብበት የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም በሰው አገር፣ በሰው ደጅ የሚያልፍ መንገደኛ ለዚያ ደጅ ምን ዕዳ አለበት? የሚለው ነው።

ማሽኑን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ጭስ የለውም፤ ጩኸት የለውም፤ በሬ አያስበረግግም፤ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው አይረብሽም። በአውሮፓ ሕግ የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ሞተር ከ250 ዋት እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ ማገዙን እንዲያቆም ተደንግጓል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በጉልበት ሥራ የሚውል ጤነኛ ሰው ያለ ማቋረጥ ሊያወጣ የሚችለው ኃይል 75 ዋት ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ጋላቢው ከኮርቻው በታች ሦስት የማይታዩ አሽከሮች ይዞ እንደሚሄድ እንረዳለን። ሦስቱ አይናገሩም፤ ምሳ አይጠይቁም፤ ዳገት በመጣ ቁጥር ከኋላ ይገፋሉ።

ይህ የ25 ኪሎ ሜትር ወሰን ሌላ ነገር ያስታውሰናል። በ1926 በቪየና የተወለደውና ለብዙ ዓመታት በካህንነት ያገለገለው ኢቫን ኢሊች፣ በ1974 ስለ ኃይልና ስለ ፍትሕ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ የአንድ ኅብረተሰብ መጓጓዣ በሰዓት ከ15 ማይል፣ ማለትም ከ24 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያልፍ ፍትሕ መጓደል ይጀምራል ሲል ተከራክሯል። ፈጣኑ የሚያተርፈው ጊዜ ከዘገምተኛው የተወሰደ ነውና፤ ለእርሱ መንገዱ ሲሰፋ እግረኛው ወደ ቦዩ ይገፋል። ኢሊች አንድ አሜሪካዊ መኪናውን ሲነዳ፣ ለመኪናውም ዋጋና ነዳጅ የሚከፍለውን ገንዘብ ለማግኘት ሲሠራ በዓመት 1,600 ሰዓት ያህል እንደሚያጠፋ፣ በዚህ ሁሉ የሚጓዘውም 7,500 ማይል ብቻ መሆኑን አስልቶ፣ እውነተኛ ፍጥነቱ በሰዓት ከ5 ማይል እንደማያልፍ አሳይቷል። ከፈጣን እግረኛ ብዙም አይሻልም ማለት ነው። ብስክሌትን ግን እጅግ አመስግኗል። ስሌቱን የሚነቅፉት አልጠፉም፤ እኛም እያንዳንዱን አኃዝ እንቀበላለን አንልም። ሆኖም የኤሌክትሪኩ ብስክሌት ልክ እርሱ ባሰመረው ወሰን ላይ መቆሙ ያስገርማል። ከወሰኑ ወዲህ ብስክሌት ነው፤ ከወሰኑ ወዲያ ሌላ ነገር ነው።

አሁን አገሩን እንመልከት። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ከ2023 ወዲህ ሁለቱም በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሲሆኑ፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በመካከላቸው የጉራጌ ተራራ ተዘርግቷል። በተራራው ምሥራቃዊ ገጽ የወረደ ዝናብ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ በምዕራባዊው ገጽ የወረደው ደግሞ በዋቤ በኩል ወደ ጊቤ፣ ከጊቤም ወደ ኦሞ ይወርዳል። ስለ ጊቤ ሸለቆ ስንናገር ይህን ሁሉ አንድ አድርገን ማየት ይገባናል፤ ከደጋው እንሰት እስከ ቆላው ሣር ድረስ።

ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ጊቤ ድልድይ የሚወርድ ጋላቢ ሞተሩን እንኳ አያስፈልገውም፤ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስደዋል። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ቤቱ እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሜዳ በፍጥነት ያየ ሰው «የሰው እጅ ያልነካው ዱር» ብሎ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ነገር ግን የዚያ ባዶነት ታሪክ አለው። ሸለቆው የቆላ ዝንብ አገር ነው፤ ዝንቡ ገንዲ የተባለውን በሽታ ለከብት ያስተላልፋል፤ በሬ የሞተበት ገበሬ ደግሞ እርሻውን ትቶ ይሄዳል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ከ1986 ጀምሮ በዚሁ ሸለቆ ስለ ዝንቡና ስለ ገንዲ ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ከብቶቹን ወር በወር እየመረመሩ፣ ባለቤቶቹንም እየጠየቁ ነው። አንዱ መንገደኛ ውበት ባየበት ቦታ ሌላው የሞተ በሬ አየ። ሁለቱም ዓይን ነበራቸው።

ወደ ደጋው ስንመለስ፣ በጉብሬ በኩል ወደ እምድብር የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በእንሰት የተከበበ ነው። እዚህ ጋላቢው ከዋናው መንገድ ወጣ ካለ ጀፎረ ላይ ይደርሳል። ለጉራጌ ልጅ ጀፎረ ምን እንደሆነ መንገር አያሻም፤ ከሌላ አገር ለመጡት አንባቢያን ግን ጥቂት እንበል። ጀፎረ በመንደሩ መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ እጅግ ሰፊ ጎዳና ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ተሠርተዋል፤ ከየቤቱ ጀርባ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጫቱና ባሕር ዛፉ ይከተላሉ። ጥጃ የሚጋጠው በጀፎረ ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱት፣ የመስቀል ደመራ የሚደመረው፣ ሙሽራ የምትሸኘው፣ ለቅሶ የሚቀመጡት፣ ሽማግሌ ሸንጎ የሚሰየመው በጀፎረ ነው። የማንም የግል መሬት አይደለም፤ የማንም ያልሆነ መሬትም አይደለም። መሬት እጅግ በጠበበበት፣ ከእያንዳንዱ እንሰት መካከል ክንድ የማይተርፍ በሚመስልበት አገር፣ ትውልድ ከትውልድ ይህን ሁሉ ስፋት ሳያርስ ማቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም። አጥሩን ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው በሽማግሌ ይጠየቃል። ቤተ ጉራጌዎች የጆካ ቂጫ፣ ክስታኔዎችም የጎርደና ሴራ የሚሉት ባህላዊ ሕግ ያላቸው ሕዝቦች ናቸውና፣ የጋራ የሆነውን መጠበቅ ለእነርሱ አዲስ ትምህርት አይደለም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የብስክሌቱ ነገር የሚከብደው። የከተማ ሰው መንገድ ሲባል የሚገባው ማለፊያ ነው፤ ከዚህ ወደዚያ የሚያደርስ፣ ራሱ ግን የትም ያልሆነ። ጀፎረ ግን መድረሻ ነው። መኖሪያ ክፍል ነው ብንል ይሻላል፤ ጣሪያ የሌለው፣ የመንደሩ ሁሉ ሳሎን። በሰው ሳሎን መካከል በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሰው፣ ማንንም ባይገጭም፣ ምንም ባይሰብርም፣ አንድ ነገር አጥፍቷል። ያመሰገንነው ጸጥታም እዚህ ላይ ሁለት ፊት አለው። ሞተር ሳይክል ከሩቅ ይጮኻልና ሽማግሌው ዘወር ይላል፤ እናትም ልጇን ትይዛለች። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ግን ሳይሰማ ከኋላ ይደርሳል። ጥንት በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ወርዶ ይሳለም ነበር፤ ታላቅ ሰው ሲያጋጥመውም ይወርድ ነበር። መውረዱ በቅሎዋን ለማሳረፍ አልነበረም። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከቆመ ሰው ጋር እኩል ዓይን ለዓይን መነጋገር ስለማይችል ነበር። ብስክሌት ከበቅሎ ያነሰ ነው፤ የመውረድ ሕጉ ግን በእንስሳው ቁመት አልተለካም።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር የሚያስተምረን አለ። ዛሬ ቱሪስት የሚባለውን ጎብኚ እንለዋለን፤ ጎበኘ የሚለው ቃል ግን በመጽሐፍ ቅዱሳችን እግዚአብሔር ለሕዝቡ በምሕረት መምጣቱ የሚነገርበት ነው። በቤታችን ደግሞ የምንጠቀምበት ሌላ ቃል አለ፤ መጠየቅ። የታመመ እንጠይቃለን፤ የታሰረ እንጠይቃለን፤ ዘመድ እንጠይቃለን። ያላወቅነውንም ነገር እንጠይቃለን። በአንድ ቃል ሁለቱን ማለታችን በአጋጣሚ አይመስለንም። ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው «እንደምን ከረማችሁ?» ብሎ ይገባል፤ ጥያቄ ይዞ ይገባል ማለት ነው፤ መልሱንም ቁጭ ብሎ ይሰማል። ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ የሄደ ሰው አልጠየቀም። ስለዚህ በአማርኛ አንድን ሸለቆ ማየት ይቻላል፣ መዞርም ይቻላል፤ መጠየቅ ግን ከሰዎቹ ጋር ካልሆነ አይቻልም።

ከቡታጅራ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ፣ በሶዶ አገር፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። 36 ሐውልቶች ሲሆኑ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ በብዙዎቹም ላይ የሰይፍ ምስል ይታያል። በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ባትሪው የሞላ ብስክሌት ያለው ሰው ጠዋት ከቡታጅራ ወጥቶ ይህን ሁሉ አይቶ ለምሳ ይመለሳል። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1920ዎቹ፣ የካፑቺን ማኅበር አባል የሆኑት ፈረንሳዊው አባ በርናርዲን አዛይስ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙትን ትክል ድንጋዮች እየዞሩ ሲመዘግቡ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። የሥራቸውን ውጤት ከሮዤ ሻምባር ጋር በ1931 በፓሪስ ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ አምስት ዓመት የፈጀ ምርምር መሆኑ በርእሱ ላይ ሰፍሯል። በዚያ ዘመን በበቅሎ የሚጓዝ ሰው ለእንስሳው ሣር፣ ለራሱ ማደሪያ፣ ለነገው መንገድ መሪ መለመን ነበረበት። ድንጋዩን የሚያሳየው የአገሩ ሰው ነው፤ ማታ እሳት ዳር ስለ ድንጋዩ የሚያወራውም ያው የአገሩ ሰው ነው።

የጢያ ሰዎች ድንጋዮቹን የግራኝ ድንጋይ ይሏቸዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተካሄዱት ቁፋሮዎች ከሐውልቶቹ ሥር መቃብር መኖሩን፣ ከተቀበሩትም አብዛኞቹ ወጣቶች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት እንደሆነ ይገመታል። ግራኝ አሕመድ ግን የ16ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው። እንግዲህ የመንደሩ ትረካ በታሪክ ሚዛን ስሕተት ነው። ነገር ግን ጥበበኛ ጠያቂ ይህን ሰምቶ አይስቅም። አንድ ሕዝብ ከመቶ ዓመት በላይ የሚቀድሙትን መቃብሮች በዚያ ስም መጥራቱ የ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ምን ያህል ጠባሳ እንደተወ ይነግረዋል። ይህን ደግሞ የትኛውም ሰሌዳ አይጽፈውም። ሰሌዳ የሚያነብ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፤ የሚጠይቅ ስሕተቱን ጭምር ይዞ ይሄዳል፤ እኛ የሁለተኛው ሰው ሸክም የከበረ ይመስለናል።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? የበቅሎው መንገደኛ ከብስክሌቱ መንገደኛ የተሻለ ልብ ስለነበረው አይደለም። በቅሎ ላይ የተቀመጡ ክፉ ሰዎች ብዙ እንደነበሩ አያቶቻችን ያውቃሉ፤ ማደሪያ መለመን ብቻ ሳይሆን በግድ መውሰድም እንደነበረ አይረሳም። ልዩነቱ ጥም ነው ብለን እናስባለን። በእግሩ የሚሄድ ሰው ይጠማል፤ ስለዚህ ደጅ ይቆማል። ይደክማል፤ ስለዚህ ይቀመጣል። መንገድ ይጠፋዋል፤ ስለዚህ ይጠይቃል። ይመሽበታል፤ ስለዚህ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። የሚያገናኘን ብርታታችን ሳይሆን ማነሳችን ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ድካሙን ወሰደለት፤ በእጅ ስልኩ ላይ ያለው ካርታ መጥፋቱን ወሰደለት፤ የታሸገው ውሃ ጥሙን ወሰደለት። ምንም የማያስፈልገው መንገደኛ ማንም አያስፈልገውም። ሸለቆውን ሁሉ አቋርጦ ከአንድ ሰው ጋር ሳይነጋገር መውጣት ይችላል፤ ይህ ሲሆን ደግሞ አንዳች የጎደለው አይመስለውም።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ ይቆጣን ይሆናል፤ ቢቆጣም እውነት አለው። «እናንተ ድካምን ታመሰግናላችሁን?» ሊለን ይችላል። አናመሰግንም። ድካምን ማመስገን የሚቀለው ለማይደክም ሰው ነው። በጉራጌ አገር እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን ከጉድጓድ የምታወጣው፣ ውሃና እንጨቱን በጀርባዋ የምትሸከመው ሴት ናት። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ለብዙ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ከረኀብ መጠለያ የሆነውም በእነዚህ እጆች ነው። ለእርሷ አንድ የሚገፋላት ሞተር ቢገኝ፣ ከጀርባዋ ሸክም ግማሹ ቢነሣላት፣ «የመንገዱን ትርጉም ታጣለች» የሚል ሰው ያሳፍራል። ሦስቱ የማይታዩ አሽከሮች አስቀድመው መታዘዝ የሚገባቸው ለእርሷ ነበር። እንግዲህ ነቀፋችን በድካም መቅለል ላይ አይደለም። በጨዋታ የሚያልፍ ሰው ኃይል ይዞ ሲሮጥ፣ በኑሮ የምትደክመው ያለ ኃይል ዳር ቆማ ስታሳልፈው፣ ያ ስፍራ ፍትሕ የጎደለው ስፍራ ይሆናል፤ ማንም ክፉ ሳይሠራ እንኳ።

መንገዱ ራሱ የማን እንደሆነም ማሰብ ይገባል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ በአዲስ አበባና በየከተማው ከሚኖሩት ወገኖቻቸው ገንዘብ እያዋጡ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚገቡ መንገዶችን አሠርተዋል። በንግድ የበለጸገው ሰጥቷል፤ በጉልበቱ የሚያድረውም ካለው ላይ ከፍሏል። ያ ሁሉ ሰው የከፈለው እናቱን ለመጠየቅ ነው። በየዓመቱ መስከረም ለመስቀል አገሩ የሚገባው ሰው ብዛት ዛሬም ይህንኑ ያሳያል፤ ስንቱ ሱቁን ዘግቶ፣ የዓመት ቁጠባውን ይዞ ይገባል። አስፋልቱ ላይ ያለ ድምፅ የሚንሸራተተው ጎብኚ የሚሄደው በዚህ ናፍቆት ላይ ነው። ሊያውቀው ይገባል እንላለን፤ መቅጫ ሳይሆን ማስተዋል እንዲሆነው።

ነገር ግን ብስክሌቱ ራሱ አንድ ነገር አስቀርቶልናል። ሰውየው አይጠማም፤ ባትሪው ግን ይጠማል። 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ የተለመደ ባትሪ፣ ዳገት በበዛበት አገር፣ ከቀትር በኋላ ማለቁ አይቀርም፤ እንደገና ለመሙላትም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። እንግዲህ ያ ፈጣን መንገደኛ ማታ ላይ የሰው ደጅ መቆሙ አልቀረም። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? እባክዎ መብራት ካለዎት ይህን ልሰካ?» ይላል። አዲሱ ዘመን በጓሮ በር የድሮውን ልመና መልሶ አመጣው። እኛ ይህን የማሽኑ ጉድለት አንለውም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ይመስለናል።

አሁን የነገሩ ሁሉ ክርክር ያለው እዚህች ሶኬት ላይ ነው። ባትሪው የሚጠጣው ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለከተማ ሰው ከቁጥር የማይገባ ሒሳብ ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ብር ነው። ነገር ግን በዚያች ጎጆ ውስጥ የምትበራው አንዲት የ10 ዋት አምፖል ከሆነች፣ ያ ባትሪ የጠጣው የአምሳ ሰዓት ብርሃን ነው። ማታ ማታ ለአምስት ሰዓት ብታበራ፣ ልጆቹ የሚያጠኑበት የዐሥር ሌሊት ብርሃን ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። በተራራው ምዕራባዊ ገጽ የወረደው ዝናብ በዋቤና በጊቤ ወርዶ በኦሞ ላይ ወደ ተሠራው፣ በ2016 ወደ ተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው የጊቤ ሦስት ግድብ ይገባል። ከዚያ መብራት ሆኖ በሽቦ ይመለሳል። የዚህች ጎጆ ጣሪያ ያንጠባጠበው ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ይህ ሽቦ ያልደረሰላቸው የገጠር ቤቶች ገና ብዙ ናቸው፤ የደረሰላቸውም ቢሆኑ ቆጣሪውን ከጎረቤት የሚጋሩ አሉ። እንግዳው ሲሰካ የማን ሒሳብ ላይ እንደሚቆጠር እንኳ አያውቅም።

ይክፈል? ብዙ ሰው «አዎን፣ ከፍሎ ይሂድ» ይላል፤ ፍርዱም ጤነኛ ይመስላል። ነገር ግን ባለቤቲቱ ገንዘቡን አይተው ይቈጣሉ። «በሞቴ! እንግዳ ይከፍላል ወይ?» ይላሉ። ቍጣቸው ለይስሙላ አይደለም። ቤታቸው ሱቅ አይደለም፤ ገንዘቡ ቢቀበሉት ቤቱን ሱቅ ያደርገዋል፤ እንግዳውንም ደንበኛ ያደርገዋል፤ ደንበኛ ደግሞ ሒሳቡን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ነው። ታዲያ አይክፈል? ይህም ነውር አለበት። የደኻ ቸርነት የማያልቅ የሚመስለው ጎብኚ አለ፤ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሰክቶ፣ «እጅግ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነው» ብሎ መስክሮ ይሄዳል። ምስጋናው እውነት ነው፤ ግን ርካሽ ነው።

የአገራችን ሥርዓት ይህን እንቆቅልሽ ከረጅም ዘመን በፊት ፈትቶታል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይሄድም። ስኳር ይዞ ይገባል፤ ቡና ይዞ ይገባል፤ ሳሙና ወይም የልጅ ደብተር ይዞ ይገባል። ይህ ክፍያ አይደለም፤ ምክንያቱም ከመቀበሉ በፊት ይሰጠዋል፤ ምን እንደሚሰጠውም ሳያውቅ ይሰጠዋል፤ ሚዛን ላይ አይወጣም። ዕዳውንም አይዘጋውም። እንዲያውም ይከፍተዋል፤ በሚመጣው ጊዜ ደግሞ ባለቤቲቱ ለእርሱ ቆጮ ጠቅልለው ይሰዳሉ። ስለዚህ ከብስክሌቱ ኋላ ባለው ቅርጫት ውስጥ ከታሸገው ውሃ ይልቅ አንድ ኪሎ ቡና ቢቀመጥ ይሻላል ብለን እንመክራለን። ለአስጎብኚ ድርጅቶችም የምንለው ይኸው ነው፤ በየመንደሩ የኃይል መሙያ ጣቢያ ለብቻው ሠርተው ጎብኚውን ከቤቶቹ ለማራቅ ከመጣደፋቸው በፊት፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በጀፎረ ላይ ተሰብስበው ምን እንደሚሉ ይስሙ። ጣቢያው ለሴቶቹ የእንሰት ሥራ ማቅለያም የሚሆን ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ትምህርተ ክርስቶስ መምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ቃል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሦስትና አራት ሰዓት በእግር እየሄዱ ያስተምራሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ። ለእነርሱ እንዲህ ያለ ብስክሌት ቢገኝ ደስ ይለናል፤ ጉልበታቸው ለማስተማር ይተርፋልና። ነገር ግን አንድ መምህር በእግሩ ሲሄድ በቀን አንድ መንደር ያዳርስ የነበረው፣ በብስክሌት አራት መንደር ማዳረስ ሲችል፣ አራቱንም ያዳርስ የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ሪፖርቱ ላይም አራት ብሎ መጻፍ ደስ ያሰኛል። ሽባ ሆነው ዓመት የተኙት አዛውንት ግን አራተኛ ሆነው በሩብ ሰዓት ይታያሉ። ቀድሞ በእግሩ ይመጣ የነበረው መምህር ከዝናብ ተጠልሎ፣ አድሮም፣ ሌሊቱን ሲያጫውታቸው ነበር። ብስክሌቱ ያተረፈው ሦስት ሰዓት ለማን ይሰጥ የሚለውን መወሰን የቁምስናው ነው፤ እኛ ለአዛውንቱ ይሁን እንላለን።

በቡታጅራ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1986 በጀመሩት የገጠር ጤና ጥናት፣ ጠያቂዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ታመመ እያሉ ለብዙ ዓመታት መዝግበዋል። እነዚያ ጠያቂዎች ለሥራ የመጡ ናቸው፤ ቅጽ ይዘው የመጡ ናቸው። ሆኖም በአንድ ደጅ ተመላልሶ የቆመ ሰው የቤቱን ሰው በስም ያውቃል፤ «ያ የታመመው ልጅ እንዴት ሆነ?» ማለትን ቅጹ ባያዘውም ይለዋል።

ማታ በጎጆዋ ውስጥ ባትሪው ተሰክቷል እንበል። እንግዳው መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ቡናው ተቆልቷል፤ አቦሉ ተጠጥቷል። ባለቤቲቱ ከየት እንደመጣ፣ እናቱ በሕይወት መኖሯን፣ ስንት ወንድም እንዳለው ጠይቀውታል፤ እርሱም ከደጁ ያየው የእንሰት ዓይነት ስሙ ምን እንደሚባል ጠይቋቸዋል። ከመሙያው ላይ ቀይ የነበረው መብራት አረንጓዴ ሆነ። ቡናው ገና ቶና ላይ ነው፤ በረካው አልቀረበም።